ከፍጥረት ድንቆች ፦ የጅማ ጫካ ለዓለም ቡና ያቆየው መድኃኒት

የካቲት ሲያልቅ ወይም መጋቢት ሲባት ከጅማ ተነሥቶ ወደ አጋሮ የሚጓዝ መንገደኛ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይመለከታል። ትናንት ቅጠሉ ብቻ ይታይ የነበረው የቡና ዛፍ ዛሬ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይገኛል፤ መልካም ሽታውም ከማሳው አልፎ እቤት ድረስ ይገባል። ይልቁንም የሚገርመው፣ የአንዱ ጎረቤት ማሳ ከሌላው ጎረቤት ማሳ ጋራ የተማከረ ይመስል ሁሉም ባንድ ቀን ማበቡ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያህል ከቆየ በኋላም ሁሉም ባንድነት ጠውልጎ ይረግፋል።

ይህ ስምምነት ከወዴት መጣ ቢሉ፣ ነገሩ የዝናብ ነገር ነው። የቡና እንቡጥ በበጋው ወራት ተኝቶ ይቆያል። እንዲነቃም አስቀድሞ መጠማት አለበት። ድርቁ ከጠናበት በኋላ አንድ ደኅና ዝናብ ሲወርድለት፣ ውሃውን መጥምጦ ያብጥና ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈነዳል። ዝናቡ ለሁሉም ባንድ ቀን ስለ ዘነበ አበባውም ለሁሉም ባንድ ቀን ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬው ክረምቱን ሁሉ ሲያድግ ከርሞ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ እየቀላ ለለቀማ ይደርሳል።

ነገር ግን የዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ አበባው ውበት አይደለም። በዚያ የሦስት ቀን አበባ ውስጥ በስውር የሚፈጸም አንድ ትንሽ ሥራ አለ። ይህ ትንሽ ሥራ የዓለምን ቡና አንድ ጊዜ ለጥፋት አሳልፎ ሰጥቶታል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ እዚሁ በጅማና በአካባቢዋ ለመዳን ምክንያት ሆኖታል። (ዓመተ ምሕረት ካላልን በቀር ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አያሌ ዕፀዋት ፍሬ የሚያፈሩት የወንዴው አበባ ዱቄት ከሌላ ዛፍ በነፋስ ወይም በንብ ተጭኖ ሲመጣላቸው ነው። ከቡናም ወገን አብዛኞቹ ዓይነቶች እንዲሁ ናቸው፤ የገዛ ራሳቸው ዱቄት አይበጃቸውም። የእኛ ቡና ግን፣ ሊቃውንቱ አራቢካ ብለው የሚጠሩት ማለት ነው፣ ከነዚህ ዘመዶቹ ይለያል። አበባው ሲፈነዳ የገዛ ራሱን ዱቄት ተቀብሎ ራሱ ይፀንሳል። ከ100 አበቦች መካከል 90ው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ፍሬ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ነው። ስለዚህም ከአንድ ዛፍ የተለቀመ ፍሬ ቢዘሩት የሚበቅለው ችግኝ እናቱን ቁርጥ ነው። የበቆሎ ዘር ያልሰለቸው ገበሬ ይህን ነገር ቶሎ ያስተውለዋል፤ በቆሎ ከጎረቤት ማሳ ዱቄት እየተቀበለ ጠባዩን ሲለዋውጥ፣ ቡና ግን የእናቱን ጠባይ እንደ ያዘ ይኖራል።

እንግዲያስ ንብ የማያስፈልገው ከሆነ ለንብ ለምን ይደግሳል የሚል ይኖር ይሆናል። ንብ ስትመጣለት ፍሬው ይበረክታልና ግብዣው ከንቱ አይደለም። ግብዣው ደግሞ ብልሃት አለበት። በ2013 የታተመ የእንግሊዝ ሊቃውንት ምርምር እንዳመለከተው፣ በቡና አበባ ወለላ ውስጥ እጅግ ጥቂት ካፌይን ይገኛል፤ ይህንንም የቀመሰች ንብ ያን ሽታ በማግሥቱ የማስታወስ ዕድሏ ካልቀመሰችው ንብ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ንቢቱም እንደኛው ቡና ጠጥታ ተነቃቅታ ትመለሳለች ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ካፌይን ግን በመጀመሪያ የዛፉ መሣሪያ ነው። በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ ሆኖ፣ በመራራነቱና በመርዝነቱ ነፍሳትን ያርቃል፤ ፍሬና ቅጠል መሬት ላይ ሲረግፍም በአፈሩ ውስጥ ሌላ ዘር በቀላሉ እንዳይበቅል ያውካል። ሩንገ የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ይህን ነገር ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው በ1819 ነው፤ ፍሬውን ሰጥቶ መርምርልኝ ያለውም ታላቁ ባለቅኔ ጎተ ነበረ። ሰው ሲውል ሲደክም በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል፣ የድካምን ወሬ የሚያደርስ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል። ካፌይን ቅርጹ እርሱን ስለሚመስል ቀድሞ መቀመጫውን ይይዝበታል፤ ወሬ ነጋሪውም ቆሞ ይቀራል። ድካሙ አልጠፋም፤ የዘገየው ወሬው ብቻ ነው። ከአቦሉ ቶናው፣ ከቶናውም በረካው እየቀለለ የሚሄድበት ምክንያት ደግሞ ካፌይን በሙቅ ውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ አብዛኛው በመጀመሪያው ቅጂ ስለሚወጣ ነው። ልጆችን በረካውን ብቻ የሚያቀምሱ እናቶች ኬሚስትሪ ሳይማሩ ልኩን አግኝተውታል።

አሁን ወደ ትውልዱ እንመለስ። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ከ120 የሚበልጡ የቡና ዓይነቶችን ቈጥረዋል። ከነዚህ ሁሉ አራቢካ ብቻ 44 ክሮሞሶም ሲኖረው የቀሩት 22 ብቻ አላቸው። ክሮሞሶም ማለት በሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፣ የወላጅን ጠባይ ተሸክሞ ለልጅ የሚያደርስ ረቂቅ ክር ነው። የ44ቱ ምሥጢር ይህ ነው፦ በቆላው የአፍሪካ ደን የሚበቅለው ሮቡስታ የተባለው ቡናና በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የሚገኘው ኢዩጂኒዮይድስ የተባለው ቡና፣ የሰው እጅ ሳይገባበት በዱር ተዳቅለው፣ የተወለደው ዛፍ የሁለቱንም ወላጆች ርስት በሙሉ ጠቅልሎ ወረሰ። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት ይህ የሆነው ከ350 ሺህ እስከ 610 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ነው ብሎ ይገምታል። እንግዲህ አራቢካ ከመነሻው ዘመደ ጥቂት ነው፤ ከአንድ ጋብቻ የተወለደ ቤተ ሰብ ነውና።

ይህ ቤተ ሰብ በዱር ሆኖ የሚኖርበት ስፍራ፣ ከደቡብ ሱዳን የቦማ አምባና ከኬንያ የማርሳቢት ተራራ ጥቂት ቦታ በቀር፣ የኢትዮጵያ ጫካ ነው፤ ይኸውም በተለይ የጅማ፣ የከፋ፣ የኢሉባቦርና የሸካ ጫካ። ስዊድናዊው ሊኔዎስ በ1753 «የዓረብ ቡና» የሚል ትርጉም ያለውን ስም ያወጣለት፣ አውሮፓ ቡናን ያወቀው በየመን ወደብ በኩል ስለ ነበረ ነው። ስሙ ተሳስቶ ቀርቷል፤ ሊነቀልም አልተቻለም። በጎማ ወረዳ በጮጬ ስለሚነገረው ስለ እረኛውና ስለ ፍየሎቹ ታሪክ ግን ብዙ አንባቢ ያውቃልና አንደግመውም። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፦ ያ ታሪክ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1671 በሮም ከተማ፣ ናይሮኒ በተባለ የሶርያ ቋንቋ መምህር እጅ ሲሆን፣ እዚያ ላይ የእረኛው ስም አይገኝም፤ እንስሳቱም ፍየሎች ይሁኑ ግመሎች ቍርጡ አልተነገረም። ደግሞም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ አያሌ ክርስቲያን ቤቶች ቡናን የሌላ ሃይማኖት መጠጥ ነው እያሉ ይርቁት እንደ ነበር ዛሬ ረከቦቱን ከብባ ለምትቀመጥ ልጅ ቢነግሯት ታምናለች ብለን አናስብም።

ቡናው ከየመን ወዲያ ያደረገው ጉዞ እጅግ ጠባብ በሆነ በር ነበር። ሆላንዳውያን በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዘሩን ወደ ጃቫ ደሴት ወሰዱ። ከጃቫ በ1706 አንድ ችግኝ ወደ አምስተርዳም የዕፀዋት አጸድ መጣ። ከዚያ የተራባው አንድ ዛፍ በ1714 ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ገጸ በረከት ሆኖ ቀረበ። ከንጉሡም አጸድ አንድ ፈረንሳዊ መኰንን በ1720ዎቹ ችግኝ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ሲያሻግር፣ በመርከቡ ላይ ውሃ ባነሰ ጊዜ የሚጠጣውን ተካፍሎ አጠጣው ይባላል። በ1727 ዘሩ ብራዚል ደረሰ። ፈረንሳውያንም በሌላ ወገን ከየመን ወደ ቡርቦን ደሴት ጥቂት ችግኝ ወስደው ነበርና፣ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ሰፊ የቡና ምድር ለብዙ ዘመን የተሸፈነው ከነዚህ ሁለት ጥቂት ቤተ ሰቦች በወጣ ዘር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን የአበባውን ሥራ ያስታውሱ። ቡና ራሱ ከራሱ ስለሚፀንስ፣ ያ አንድ ዛፍ በሚሊዮን ቢባዛም ሁሉም ያው አንዱ ዛፍ ነው። ማለት አንዱን የሚገድል ደዌ ሁሉንም ይገድላል። ይህም ነገር በሲሎን፣ ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው ደሴት ታየ። በ1869 በቅጠሉ ሥር ብርቱካንማ ዱቄት የሚያወጣ የቅጠል ዝገት የሚባል በሽታ ተነሣ። ይህ በሽታ ፈንገስ ነው፤ ማለት ከሻጋታ ወገን የሆነ ረቂቅ ተሐዋሲ። ሃያ ዓመት ያህል ውስጥ የደሴቲቱ የቡና እርሻ ጠፋ፤ ባለ እርሻዎቹም ቡናውን ነቅለው ሻይ ተከሉ። የሲሎን ሻይ ተብሎ የሚሸጠው ዝነኛ ሻይ የቡና መቃብር ላይ የበቀለ ነው ማለት ይቻላል። ያው ዝገት በእኛም ጫካ አለ፤ ነገር ግን በልዩ ልዩ ዘርና በዛፍ ጥላ መካከል ስለሚኖር እንደዚያ ሊያጠፋ አልቻለም።

የኢትዮጵያ ቡና ፈተና የመጣው በሌላ በሽታ ነው። በ1922 በምዕራብ ኬንያ የቡናን ፍሬ የሚያጠቃ ፈንገስ ታይቶ ነበር። ይህ በሽታ ድንበራችንን ተሻግሮ በኢትዮጵያ የታወቀው በ1971 ነው፤ ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን የቡና አገር አዳረሰ። ገበሬውን ይልቅ የሚያስመርረው የበሽታው ጠባይ ነበር። ዛፉን አይገድልም፤ ቅጠሉንም አይነካም። ፍሬው ገና አረንጓዴና ለጋ ሳለ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይወጣበታል። ነጥቡ ጎድጉዶ ይሰፋል፤ ፍሬውም ጠቁሮ ይደርቅና ይረግፋል፤ ወይም እንደ ከሰል ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ለቀማ ሲደርስ ዛፉ ለምለም ነው፤ እሸት ቡና ግን የለበትም። ዝናብ የፈንገሱን ዘር ከፍሬ ወደ ፍሬ እየረጨ ስለሚያዳርስና በሽታው ቀዝቀዝ ያለ ርጥብ አየር ስለሚወድ፣ ብዙ ዝናብ የሚያገኘው ከፍተኛው ምድር ይበልጥ ተጎዳ። በክፉ ዓመት ምርታቸውን በሙሉ ያጡ ማሳዎች ነበሩ። ለጨው፣ ለልብስ፣ ለግብር፣ ለልጆች ትምህርት፣ ለሠርግና ለተዝካር የሚሆነውን ገንዘብ ሁሉ ከጀንፈል ሽያጭ ለሚያገኝ ቤት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መተርጐም አያሻም።

መድኃኒት መርጨት ይቻል ነበር። በኬንያ በሰፋፊ እርሻዎች ላይ እንዲያ ይደረግ ነበር። ዳሩ ግን ዝናብ እያጠበው በየጊዜው መደጋገም ያለበትን ርጭት፣ በጥላ ዛፍ ሥር ተበታትኖ ለሚገኝ የጓሮ ቡና፣ መንገድ በማይደርስበት አገር ማን ከፍሎ ያዳርሰዋል? ሌላም አደጋ ነበረበት፤ ጫካውን ሁሉ በመርዝ መርጨት ንቡን፣ ማሩንና የምንጩን ውሃ መንካት ነው።

ከጅማ ከተማ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል የተቋቋመው በ1960ዎቹ ነው፤ በሽታው ከመታየቱ ጥቂት ዓመት ብቻ ቀድሞ። ጅማ ለእርሻ ትምህርት እንግዳ አልነበረችም፤ የእርሻ ትምህርት ቤቷ የተከፈተው በ1952 ሲሆን፣ ኋላ በዓለማያ የተደራጀው ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን የጀመሩት እዚሁ ነበር። ከምግብና እርሻ ድርጅት የመጡት ራውል ሮቢንሰንና ቫን ደር ግራፍ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው የያዙት ሐሳብ ከሰሙት በኋላ ቀላል ይመስላል። በሽታው ለኢትዮጵያ አዲስ ነው፤ ቡናው ግን በኢትዮጵያ ጥንታዊ ነው፤ በጫካውም የሚገኘው የዘር ልዩነት በዓለም ላይ አቻ የለውም። ስለዚህ ከብዙው ዛፍ መካከል በሽታው የማይደፍረው ዛፍ ሳይኖር አይቀርም አሉ። እርሱን ከመሥራት ይልቅ መፈለግ ይሻላል።

አፈላለጉም እንዲህ ነበር። በሽታው እጅግ ወደ ጠናበት ማሳና ጫካ ይሄዳሉ፤ ጤነኛ ዛፍ ጤነኛ በሆነ ቦታ ቢገኝ ምንም አያስረዳምና። በዙሪያው ያሉት ዛፎች ሁሉ ፍሬያቸው ጠቁሮ ረግፎ ሳለ፣ አንድ ዛፍ ብቻ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ፍሬ ተሸክሞ ቢገኝ እርሱን ምልክት ያደርጉበታል። ይህ እናት ዛፍ ይባላል። ነገር ግን ዛፉ የዳነው በጥንካሬው ይሁን በአጋጣሚ ገና አልታወቀም። ስለዚህ ፍሬውን ወስደው ይዘሩታል፤ ችግኙ ገና ግንዱ ክር እንዳከለ የበሽታውን ዘር ውሃ ላይ በጥብጠው ይረጩበታል። አብዛኛው ይሞታል። የቆመው ይቆማል። ከእናት ዛፉም አረንጓዴ ፍሬ ተለቅሞ እንዲሁ ይፈተናል። በመቶ ከሚቈጠሩት እናት ዛፎች መካከል ፈተናውን ሁሉ ያለፉት ጥቂቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው ያ የአበባው ትንሽ ሥራ ለመዳን የሠራው። በሌላ ዛፍ ቢሆን የእናቲቱ ጥንካሬ በልጆቿ ላይ ተበታትኖ በጠፋ ነበር፤ እንደገና ለመሰብሰብም ብዙ ትውልድ ማዳቀል ያስፈልጋል። ቡና ግን ራሱ ከራሱ ስለሚፀንስ የእናት ዛፉ ልጆች እንደ እናታቸው ጽኑ ሆኑ። ቡናን አዳቅሎ አዲስ ዘር ለማውጣት በሌላ አገር 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ሲሆን፣ በጅማ ግን ፍለጋው ከተጀመረ 5 ዓመት ያህል ቆይቶ የተመረጠው ዘር ለገበሬ መታደል ጀመረ።

ዛሬ በጅማ ዙሪያ ያለ ገበሬ ስለ ችግኙ ቢጠየቅ ሰባ አራት መቶ አሥር ወይም ሰባ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብሎ ይመልሳል። የከተማ ሰው ቍጥሩን ሲሰማ የፋብሪካ ምልክት ይመስለው ይሆናል። ምልክቱ ግን እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ነው። 74 ማለት እናቲቱ የተመረጠችበት ዘመን፣ 1974 ነው፤ በእኛ 1966 ወይም 1967 ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው። ቀጥሎ ያለው የዛፏ ተራ ቍጥር ነው። 74110፣ 74112ና 74158 የተባሉት በኢሉባቦር ከመቱ አጠገብ ከቢሻሪ ጫካ የወጡ ናቸው፤ 741 ደግሞ የጌራ ተወላጅ ነው። ይህ የቍጥር ስም ለእኛ ጆሮ ደረቅ ቢሆንም፣ ከብዙ ያማሩ ስሞች የበለጠ እውነት ይዟል ብለን እናምናለን።

ጫካው የሰጠው ይህን ብቻ አይደለም። በ1964 የምግብና እርሻ ድርጅት የላካቸው ሊቃውንት በከፋና በኢሉባቦር እየተዘዋወሩ ዘር ለቅመው ለልዩ ልዩ አገሮች አካፍለው ነበር። ከዚያ የተገኙት ዛፎች ብራዚል ደርሰው ብዙ ዓመት ከቆዩ በኋላ፣ የካምፒናስ መርማሪዎች 3 ሺህ ያህል ዛፎችን አንድ በአንድ ቢፈትሹ ከመካከላቸው 3ቱ ካፌይን የላቸውም ለማለት የሚቻል ሆነው ተገኙ። ይህም በ2004 ለዓለም ተነገረ። እንቅልፍ የማይነሣ ቡና ለማግኘት ፋብሪካዎች ፍሬውን በኬሚካል ሲያጥቡ በኖሩበት ዘመን፣ ካፌይን መሥራትን የዘነጉ ሦስት ዛፎች ከእኛ ጫካ ዘር ወጡ። እንዲሁም በ1930ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የነበረ የእንግሊዝ ቆንሲል ከጌሻ አካባቢ ዘር ወደ ኬንያ ልኮ ነበር። ዘሩ በታንዛኒያና በኮስታሪካ በኩል ወደ ፓናማ ደረሰ፤ የተፈለገውም ጣዕሙ ሳይሆን ዝገትን እንዲቋቋም ነበር። ምርቱ አነስተኛ ነው ተብሎ ወደ ዳር ተገፍቶ ከቆየ በኋላ በ2004 በተደረገ የጣዕም ውድድር አንደኛ ወጥቶ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ይህም በዚያ ዘመን ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። ዛሬ ጌሻ የሚለውን የወረዳ ስም የቶኪዮና የኒው ዮርክ ቡና ሻጮች ያውቁታል፤ የጃፓን ቃል የሚመስላቸውም አልጠፉ።

ታዲያ ይህን ሀብት ለምን በጎተራ አናስቀምጠውም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ማሽላ ደኅና አድርገው ካደረቁትና በብርቱ ቅዝቃዜ ካስቀመጡት ብዙ አሥር ዓመታት ይቆያል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የዘር ማከማቻ የሚያደርገውም ይህን ነው። የቡና ዘር ግን እንዲህ አይሆንም። እጅግ ካደረቁት ይሞታል፤ ካቀዘቀዙትም ይሞታል፤ በተራ ጎተራ ከተቀመጠ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው የመብቀል ኀይሉን ያጣል። ቡናን ማቆየት የሚቻለው ዛፉን በሕይወት በማኖር ነው። ስለዚህም በጮጬ ሜዳ ላይ ከልዩ ልዩ ጫካና ጓሮ የተሰበሰቡ ከ5 ሺህ የሚበልጡ የዘር ናሙናዎች ችግኛቸው ተተክሎ፣ እየታረመና እየተኰተኰተ ይኖራል። ይህ ጎተራ እሳት ይፈራል፤ ድርቅ ይፈራል፤ እርጅናም ይፈራል። ከዛፎቹ አንዱ ቢሞትና ምትኩ ባይተከል፣ ያ ዘር ሌላ ቦታ ከሌለ አለቀ።

የቀረው ጫካው ነው። በያዩና በከፋ ያሉት ደኖች በ2010፣ የሸካው ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተው ጥበቃ ተሰጥቷቸዋል። በጅማ በኩል የበለጠና የጌራ ደን አለ። ይሁን እንጂ ጫት ከቡና የቀለጠፈ ገንዘብ ስለሚያመጣ፣ ባሕር ዛፍም እንዲሁ፣ ከብዙ ጓሮ አሮጌው ቡና እየተነቀለ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት በዓለም ካሉት የቡና ዓይነቶች ከ100 60ው የመጥፋት አደጋ ላይ መሆናቸውን ተናግሯል፤ አራቢካም ከነዚህ አንዱ ነው። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሙቀቱ እንደዚህ ከቀጠለና ምንም ካልተደረገ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ቡና ከሚበቅልበት ቦታ ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው እስከዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ለቡና የማይመች እንደሚሆን አመልክቷል። ቡናው ወደ ደጋ ከፍ ቢል የሚያገኘው አዲስ ቦታ ከዚህ እንደሚሰፋም ያው ጥናት ይናገራል፤ ነገር ግን ዛፍ እንደ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ አይሄድም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ያ መልካም ዘር ራሱ ያመጣው ነገር ነው። 74110ን የመሰለ ጽኑ ችግኝ በታደለ ቍጥር፣ ገበሬው አያቱ የተከለውን የጓሮ ቡና ነቅሎ በምትኩ እርሱን ይተክላል። አይፈረድበትም። ነገር ግን 74110 ራሱ የተገኘው ማንም ስም ሳያወጣለት በዱር ከቆመ ዛፍ ነበር፤ ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣ መድኃኒቱ ዛሬ አርጅቷል ተብሎ በሚነቀለው ዛፍ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ላረጀ ቡና መንቀል ብቻ መፍትሔ አለመሆኑን የእርሻ ባለሙያዎች ጉንደላ በሚባለው ሥራ ያሳያሉ። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቀርቶለት በስለታም መጋዝ ይቈረጣል። ቁርጡ ሰያፍ ይሁን፤ ያለዚያ ውሃ ይቋጥርና ጕቶው ይበሰብሳል። መጋዙ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ከመሸጋገሩ በፊት በእሳት ወይም በአልኮል ይጽዳ፤ አድርቅ የተባለው ዛፉን ከነሥሩ የሚገድል በሽታ በመሣሪያ ይጋባልና። ዝናብ ሲጥል ከጕቶው ብዙ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል። ከነዚህ ጠንካሮቹ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ይተዉና የቀሩት ይነቀሉ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ዛፉ እንደገና ፍሬ ይሰጣል፤ ፍሬውም የዚያው የአያት ቡና ፍሬ ነው።